ምንጩን መጥራት ያኮራል እንጂ አያሳፍርም



በዚህ የግድግዳ ጋዜጣ ላይ ስለ መኝታ ቤት ንጽሕና፣ ስለ ቤተ መጻሕፍት መዝጊያ ሰዓት፣ ስለ እግር ኳስ ውድድሩም ብዙ ተጽፏል። የተጻፈው ሁሉ ደግ ነው። ዛሬ ግን ሁሉም የሚያውቀውን፣ ነገር ግን በሹክሹክታ ካልሆነ በቀር የማይነሣውን አንድ ጉዳይ በአደባባይ ልናነሣው ወደድን። እሱም የጽሑፍ ግልበጣ ነው።

ግልበጣ ስንል ምን ማለታችን ነው? የሌላ ሰው ሐሳብ ወይም ዐረፍተ ነገር ወስዶ፣ የወሰዱበትን ሳይናገሩ በራስ ስም ማቅረብ ማለታችን ነው። የተወሰደው ከመጽሐፍ ቢሆን፣ ካለፈው ዓመት ሠልጣኝ ደብተር ቢሆን፣ በቴሌግራም ከተላከ ፋይል ቢሆን፣ ወይም ኤ.አይ. የሚሉት የኮምፒዩተር ፕሮግራም ጽፎ የሰጠው ቢሆን ልዩነት የለውም። ስምን ከላይ ጽፎ፣ ከሥር ያለውን ከሌላ ማምጣት ያው ግልበጣ ነው።

ፈተና ላይ የሚደረገውን ኩረጃ ሁሉም ያወግዛል። አገርም ተነሥቶበታል። የ2014 የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና፣ ተማሪዎቹ ከየትምህርት ቤታቸው ወጥተው በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ እንዲፈተኑ የተደረገው በኩረጃና በፈተና መሰረቅ የተነሣ ነበር። ፈተናው በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ተሰጠ። ከተፈተኑት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ያህል ብቻ መሆናቸው ሲነገር ያልደነገጠ ወላጅና መምህር አልነበረም።

ታዲያ በጽሑፍ ሥራ ላይ የሚደረገው ግልበጣስ? በፈተና ክፍል ውስጥ አንገቱን ወደ ጎረቤቱ ያዘነበለ ሰው ወረቀቱን ይነጠቃል። ስምንት ገጽ ቃል በቃል ከመጽሐፍ ያወረደ ግን «ሥራው ንጹሕ ነው፣ የእጅ ጽሕፈቱም ይነበባል» ተብሎ ከ10 9 ያገኛል። እንዴት ነው ነገሩ? አንዱ ኮራጅ፣ ሌላው ጎበዝ የሚባለው በምን ሕግ ነው?

ለፍርድ ከመቸኮላችን በፊት ግን ልማዱ ከየት እንደመጣ እንመልከት። ግልበጣ በማሠልጠኛ ግቢ ውስጥ የተወለደ ነገር አይደለም። ከቡሬም እንምጣ ከደምበጫ፣ ከሽንዲም እንምጣ ከጅጋ፣ አብዛኞቻችን ያለፍንበት የትምህርት ቤት ኑሮ ይመሳሰላል። የመማሪያ መጽሐፉ ለሁሉም አይዳረስም። መምህሩ ሰሌዳውን ከዳር እስከ ዳር በጠመኔ ይሞላዋል፤ ተማሪው ይገለብጣል። ሳያዛንፍ የገለበጠ ልጅ ጎበዝ ይባላል፤ ደብተሩም ለሌሎች ማሳያ ይሆናል። ፈተና ሲመጣ ደግሞ ያንኑ በቃሉ ይዞ መልሶ የጻፈ ሙሉ ማርክ ይሰጠዋል። ዐሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ «ሳታዛንፍ ገልብጥ» ሲባል የኖረ ልጅ፣ አንድ ቀን ድንገት «በራስህ አባባል ጻፍ፣ ምንጭህንም ጥቀስ» ቢባል ግራ ቢጋባ ምን ይገርማል? ስለዚህ ነገሩን በዘለፋ ሳይሆን በትምህርት መያዝ ያሻል ባዮች ነን።

ይሁን እንጂ የልማዱን ምክንያት ማወቅ ልማዱን ማጽደቅ አይሆንም። ለምን ቢሉ እኛ መምህራን ልንሆን ነው። ነገሩ የሚከብደው እዚህ ላይ ነው። አንድ ነጋዴ ወይም አንድ ሾፌር የሰው ጽሑፍ ቢገለብጥ ጉዳቱ ከራሱ ብዙ አያልፍም። መምህር ከገለበጠ ግን ዳፋው በክፍሉ ላሉት ሕፃናት ሁሉ ይተርፋል።

ነገ ከነገ ወዲያ አንዳችን ወንበርማ፣ አንዳችን ቋሪት፣ አንዳችን ማንኩሳ እንመደብ ይሆናል። ማንኩሳ የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ባለታሪክ የበዛብህ አገር ነውና ስሙን የማያውቅ የለም። እዚያ አንዲት የ4ኛ ክፍል ልጅ እጇን አውጥታ «ቲቸር፣ እሱ ምን ማለት ነው?» ብላ ትጠይቃለች እንበል። ማስታወሻውን ከሌላ ገልብጦ የገባ መምህር ምን ይመልስላታል? ያንኑ ዐረፍተ ነገር ድምፁን ከፍ አድርጎ እንደገና ያነብላታል! ሌላ የሚለው የለውም፤ ሐሳቡ በልቡ አላለፈማ። ልጅቷም ዝም ትላለች። የገባት መስሎት ወደ ሚቀጥለው ያልፋል። ከዚያ ቀን በኋላ ልጅቷ እጇን ማውጣት ትተዋለች። ጉዳቱ ይህን ያህል ነው።

እንግዲህ ያነበቡትን በራስ አባባል መግለጽ የጽሑፍ ሥራ ማርክ ጉዳይ ብቻ ሆኖ አይታየን። የሙያችን ዋና መሣሪያ ነው። ማስተማር ማለት በመጽሐፍ ያለውን ነገር ተረድቶ፣ ለዚያች ልጅ በሚገባት ቋንቋ መልሶ መናገር አይደል? በወረቀት ላይ ይህን መሥራት ያልተለማመደ ሰው በሰሌዳ ፊት ቆሞ ከየት ያመጣዋል?

አንዳንድ ሰው «ምንጭ መጥቀስ የፈረንጅ ሥርዓት ነው፤ ዩኒቨርሲቲ ላሉት ይሁንላቸው» ሲል ይሰማል። ይህ አባባል የገዛ አገርን አለማወቅ ነው። ጎጃም የቅኔ አገር ነው። የጎንጅና የዋሸራ ቅኔ ቤቶች ዝና ከጎጃም አልፎ የተሰማ ነው። በቅኔ ቤት ያለው ሥርዓት ምን ይመስላል? ተማሪው ከጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ ወደ መወድስ እስኪደርስ ድረስ ደረጃ በደረጃ ይወጣል። ከሰው ራቅ ብሎ፣ ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ ቅኔውን ይቆጥራል። ሲመለስ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም ያርመዋል። ቅኔው አዲስ መሆን አለበት። ትናንት የተባለ ቅኔ ዛሬ ተመልሶ አይባልም። የሌላውን ቅኔ የራስ አስመስሎ ማቅረብማ ነውር ነው። የቀደሙት ሊቃውንት ቅኔ ለትምህርት ሲነሣ ደግሞ «ይህ የእገሌ ነው» ተብሎ ከነባለቤቱ ይጠራል።

ቃሉንም ልብ እንበለው። በቅኔ ቤት አዲስ ቅኔ አፍልቆ መናገር «ዘረፋ» ይባላል። «ቅኔ ዘረፈ» ሲባል ከራሱ አውጥቶ ተቀኘ ማለት ነው። በጽሑፍ ሥራችን ላይ ግን ቃሉ ወደ ጥሬ ትርጉሙ ተመልሷል ቢባል ሐሰት አይሆንም። ደበሎ ለብሶ፣ አኮፋዳ አንግቦ በየደጁ እየዞረ የሚማረው የቆሎ ተማሪ እንጀራውን ይለምናል እንጂ ቅኔውን አይለምንም። እኛ ጠረጴዛና መብራት ያለን ሰዎች ከእርሱ ማነስ የለብንም።

በትርጓሜ ቤትም እንዲሁ ነው። ሊቁ አንዱን ቃል «አንድም» እያለ በብዙ ፊት ይተረጉመዋል። የላይ ቤት ትርጓሜና የታች ቤት ትርጓሜ የሚባሉት ተለይተው የታወቁ ናቸው። አድማጩ የትኛው ሐሳብ ከየትኛው ቤት እንደመጣ ያውቃል። ይህ ምንጭ መጥቀስ ካልሆነ ሌላ ምን ሊባል ነው?

በመጽሐፍ የተጻፈ ምሳሌም አለን። በቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ ላይ የሚገኘው ትልቁ የግእዝ መዝገበ ቃላት «መጽሐፈ ሰዋስው ወግስ ወመዝገበ ቃላት ሐዲስ» በ1948 ዓ.ም. ታትሟል። ሥራውን የጀመሩት መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ ናቸው። የደከሙበትና ለዚያ መልክ ያበቁት ደቀ መዝሙራቸው አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ናቸው። አለቃ ኪዳነ ወልድ ሳይታተም ስላረፉ ለኅትመት ያበቁት ደግሞ አለቃ ደስታ ተክለ ወልድ ናቸው። አንድ መጽሐፍ በሦስት ትውልድ ሊቃውንት እጅ አለፈ። ደቀ መዝሙር መምህሩን አልዋጠም፤ አሳታሚውም የደራሲውን ስም በራሱ ስም አልተካም። አለቃ ደስታ በኋላ በ1962 ዓ.ም. የራሳቸውን የአማርኛ መዝገበ ቃላት ሲያወጡ የራሳቸው የሚባል ትልቅ ስም አገኙ። የመምህራኖቻቸውን ስም በመጥራታቸው ምን ጎደለባቸው? ምንም!

ምንጭ ካልን አይቀር፣ ስለ ምንጭ ትልቅ ትምህርት የሚሰጠን ታሪክ የተፈጸመው ከዚሁ ከቅርባችን ነው። ከፍኖተ ሰላም በስተ ሰሜን፣ በሰከላ፣ ግሽ ዓባይ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1770 ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ከጎንደር ተነሥቶ እዚያ ደረሰ። ካገሩ ከተመለሰ በኋላም እ.ኤ.አ. በ1790 የጉዞውን ታሪክ በአምስት ጥራዝ አሳተመ። በመጽሐፉም የዓባይን ምንጭ ለማየት ከአውሮፓውያን የመጀመሪያው እርሱ መሆኑን ለማሳመን ብዙ ደከመ።

ነገሩ ግን እንዲያ አልነበረም። ስፔናዊው ሚሲዮናዊ ፔድሮ ፓኤዝ ከዐፄ ሱስንዮስ ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1618 ግሽን አይቶ ጽፏል። ይህ ከብሩስ 152 ዓመት ቀደም ብሎ ነው። ብሩስ የፓኤዝን ጽሑፍ አላየሁም ሊል አይችልም፤ በመጽሐፉ ውስጥ አንሥቶ ሊያስተባብለው ሞክሯልና። ከዚህም ሌላ ሉዊጂ ባሉጋኒ የሚባል ጣሊያናዊ ሠዓሊ አብሮት ነበር። ወደ ግሽም አብሮት ሄዷል። ብሩስ ግን ባሉጋኒ ከዚያ ጉዞ በፊት የሞተ አስመስሎ ጻፈ፤ ከሠዓሊው እጅ የወጡትንም ሥዕሎች እንደ ራሱ ሥራ ቆጠራቸው። በኋላ ተመራማሪዎች ወረቀቶቹን ከወረቀቶቹ ሲያስተያዩ ሁሉም ወጣ።

ከሁሉ በፊት ደግሞ የግሽ ሰው ራሱ አለ። አውሮፓዊ ከመወለዱ በፊት ከምንጩ ሲቀዳ የኖረው የአካባቢው ገበሬ ነው። የእርሱ ስም ግን ብዙ ጊዜ አይጠራም።

ከዚህ ምን እንማራለን? ብሩስ እውነተኛ ተጓዥ ነበር። ብዙ መከራ አይቶ ያን ያህል መንገድ መጥቷል። መጽሐፉም እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። «ከእኔ በፊት ፓኤዝ አይቶታል፤ ሥዕሉን የሣለው ባሉጋኒ ነው» ቢል ኖሮ ከክብሩ አንዲት ቅንጣት አትቀነስም ነበር። አሁን ግን ስሙ በተነሣ ቁጥር የደበቀው ነገር አብሮ ይነሣል። የምንጩን ምንጭ መካድ ያተረፈለት ይህን ብቻ ነው። «የሰው ወርቅ አያደምቅ» የሚለው ተረታችን ለእርሱ የተባለ ይመስላል።

በዛሬው ዘመንም ቢሆን የተደበቀ መውጣቱ አይቀርም። እ.ኤ.አ. በ2011 የጀርመን መከላከያ ሚኒስትር ካርል ቴዎዶር ዙ ጉተንበርግ በዶክትሬት ጽሑፋቸው ውስጥ ምንጫቸው ያልተጠቀሰ ብዙ ገጾች ተገኙባቸው። የባይሮይት ዩኒቨርሲቲ ዲግሪውን ሰረዘው፤ እርሳቸውም ሥልጣናቸውን ለቀቁ። ጽሑፋቸውን ያቀረቡት ከዓመታት በፊት ነበር። ጊዜ አልፏል ብሎ የቀረላቸው ነገር የለም።

እስካሁን ያልነው «ለምን» የሚለውን ነው። «እንዴት» የሚለው ካልተነገረ ግን ጽሑፋችን ስብከት ብቻ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ አንድ ምሳሌ እነሆ። አንድ የግብርና መጽሐፍ የሚከተለውን ይላል ብለን እናስብ። ዐረፍተ ነገሩን ለምሳሌ ያህል እኛው አዘጋጅተነዋል፦

«ተዳፋት መሬት በተደጋጋሚ ሲታረስ የላይኛው ለም አፈር በዝናብ ውኃ ይታጠባል። በዚህም ምክንያት የሰብል ምርት ከዓመት ወደ ዓመት ይቀንሳል።»

አሁን አንድ ሠልጣኝ እንዲህ ብሎ ጻፈ እንበል፦

«ዳገታማ መሬት ደጋግሞ ሲታረስ የበላዩ ለም አፈር በዝናብ ውኃ ይጠረጋል። ከዚህም የተነሣ የእህል ምርት በየዓመቱ ያንሳል።»

ይህ በራስ አባባል የተጻፈ ይመስላል፤ አይደለም። «ተዳፋት» «ዳገታማ» ሆነ፣ «ይታጠባል» «ይጠረጋል» ሆነ፣ «ሰብል» «እህል» ሆነ። የዐረፍተ ነገሩ አጥንት ግን እንዳለ ነው። ሰውየው ያው ነው፤ የተለወጠው ኮቱ ብቻ ነው። ብዙዎቻችን «ፓራፍሬዝ» የምንለው ይህን ሆኖ ይገኛል። ምንጩ ካልተጠቀሰ ግልበጣ ነው፤ ቢጠቀስም እንኳ ደካማ ሥራ ነው።

ሦስተኛውን እንመልከት፦

«መጽሐፉ እንደሚያስረዳው የምርት ማነስ ከእርሻው ቦታ ይጀምራል። ገበሬው ዳገቱን ባረሰ ቁጥር ዝናቡ ለሰብሉ የሚያስፈልገውን አፈር ይዞበት ይወርዳል። በእኛ አካባቢ በክረምት የላህ ወንዝ ቀልቶ ሲፈስ የሚታየው ከየማሳው የተነሣው አፈር ነው።»

እዚህ ላይ ሦስት ነገር ተሠርቷል። አንደኛ፣ ሐሳቡ የማን እንደሆነ ተነግሯል። ሁለተኛ፣ ጸሐፊው ነገሩን ከመጨረሻው ከምርቱ ተነሥቶ ወደ ምክንያቱ አምጥቶታል፤ ይህም የገባው መሆኑን ያሳያል። ሦስተኛ፣ የመጽሐፉ ሐሳብ ካለቀ በኋላ በዓይኑ ያየውን ጨምሯል። አንባቢውም የትኛው የመጽሐፉ፣ የትኛው የጸሐፊው እንደሆነ ሳይቸገር ይለያል።

አሠራሩ አስቸጋሪ አይደለም። ክፍሉን ሁለት ጊዜ አንብቡት። ከዚያ መጽሐፉን ዝጉት፤ ስልኩም ቢሆን ኪስ ይግባ። ያነበባችሁትን መኝታ ቤት ላለ ጓደኛችሁ በቃል ንገሩት። እርሱ «አልገባኝም» ካለ እናንተም አልገባችሁም ማለት ነውና ተመልሳችሁ አንብቡ። ከገባው ለእርሱ እንደተናገራችሁት ጻፉት። በመጨረሻ መጽሐፉን ከፍታችሁ አስተያዩ። ሐሳቡ ተዛብቶ እንደሆነ አርሙ፤ የመጽሐፉ ዐረፍተ ነገር ሳታስቡት ገብቶ እንደሆነም ለውጡት ወይም በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ አስገቡት። የደራሲውን ስም፣ የመጽሐፉን ርእስ፣ የታተመበትን ዓመትና ገጹን ግን ገና ስታነቡ በደብተራችሁ ጠርዝ መዝግቡ። «በኋላ እጽፈዋለሁ» የተባለ ምንጭ ሌሊት ላይ ሲፈለግ አይገኝም።

ሁሉም ነገር ምንጭ ይጠቀስለት ማለታችን ግን አይደለም። ዓባይ ከግሽ እንደሚነሣ ወይም አንድ ሳምንት ሰባት ቀን እንዳለው ለመናገር መጽሐፍ መጥራት አያስፈልግም፤ ሁሉም የሚያውቀው ነው። ምንጭ የሚያስፈልገው አንድ ሰው ደክሞ ላገኘው ነገር ነው፤ ለቁጥር፣ ለአስተያየት፣ ለትርጓሜ፣ ለሥዕልና ለሠንጠረዥ። ቃሉ ራሱ ውብ ሆኖ ወይም ቢለወጥ ትርጉሙ የሚዛባ ሆኖ ሲገኝ ደግሞ እንዳለ በትእምርተ ጥቅስ ይቀመጥ። ጽሑፉ ሁሉ ጥቅስ ብቻ ከሆነ ግን የጸሐፊው ድርሻ የቱ ነው?

የቃል ምንጭም ምንጭ ነው። ለአማርኛ ትምህርት ተረትና ምሳሌ፣ ለኅብረተሰብ ትምህርት የቀበሌ ታሪክ ሰብስቡ ስንባል ወደ ሽማግሌዎች እንሄዳለን። አንድ አባት ከአረም ሥራቸው ላይ ተነሥተው፣ ቡና አስፈልተው ግማሽ ቀን ያወሩልናል። ጽሑፉ ሲቀርብ ግን ስማቸው የለም። የግሽ ገበሬ ስም እንደማይጠራ የእርሳቸውም ሳይጠራ ይቀራል። ፈቃዳቸውን ጠይቀን ስማቸውን፣ ቀበሌያቸውንና ያነጋገርንበትን ቀን ብንጽፍ ምን ይከብደናል? ፈረንጁን በዚህ የምንወቅስ ከሆነ እኛ የባሰ መሥራት የለብንም።

ሕጉም ቢሆን ዝም አላለም። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲን መብት ይጠብቃል። አዋጁ የሚጠብቀው ሐሳቡ የተገለጸበትን መንገድ ነው እንጂ ሐሳቡን ራሱን አይደለም፤ ሐሳብ ለሁሉም ክፍት ነው። ከታተመ ሥራ ላይ በተገቢው መጠን መጥቀስንም ይፈቅዳል፤ ይኸውም ምንጩና የደራሲው ስም ሲገለጽ ነው። ይሁንና የሕግ ጥበቃ ጊዜው ያለፈበት የጥንት መጽሐፍ እንኳ ቢሆን ስሙ መጠራት አለበት። ፖሊስ ባይጠይቅ ኅሊና ይጠይቃልና።

አሁን ደግሞ የሠልጣኙን እውነተኛ ችግር ሳንሸፋፍን እናንሣ። «በእንግሊዝኛ የሚሰጠውን ኮርስ በራሳችሁ አባባል ጻፉ ስንባል ቋንቋው ከየት ይምጣ?» የሚል ጥያቄ በየመኝታ ቤቱ አለ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ሐሳቡ ገብቶት ቋንቋው ያጠረው ሠልጣኝ፣ ከተሰባበረ የራሱ ዐረፍተ ነገር የመጽሐፉ የተዋበ ዐረፍተ ነገር የተሻለ ማርክ እንደሚያመጣለት ያያል። ታዲያ ምን ያድርግ? ከተማሪው ብቻ መልስ መጠበቅ አይገባም።

በዚህ ምክንያት ለመምህሮቻችን በትሕትና፣ ግን በግልጽ የምንለው አለን። አንደኛ፣ በእንግሊዝኛ የተነበበውን በመጀመሪያ በአማርኛ እንድናስረዳ፣ ከዚያ በምንችለው አጭር እንግሊዝኛ እንድንጽፍ ይፈቀድልን። የተሰባበረ ግን የራስ የሆነ አንድ ገጽ፣ ከተዋበ ግን የሰው ከሆነ ስምንት ገጽ የበለጠ ማርክ ያግኝ። ሁለተኛ፣ የጽሑፍ ሥራው ርእስ በየዓመቱ ያው ከሆነ ያለፈው ዓመት ደብተር መገልበጡ አይቀርም። «የአፈር መሸርሸር ጥቅምና ጉዳት» ከማለት «በቡሬ ዙሪያ ካለ አንድ ማሳ ያያችሁትን ከመጽሐፉ ጋር አስተያዩ» ቢባል የሚገለበጥ ነገር አይገኝም። ሦስተኛ፣ በየኮርሱ የሚታደለን ማስታወሻ ላይም የተዘጋጀበት መጽሐፍ ስም ይጻፍልን። ሠልጣኝ ከሚነገረው ይልቅ የሚያየውን ይከተላል። ምንጭ የሌለው ማስታወሻ እየታደለ «ምንጭ ጥቀሱ» ቢባል ነገሩ «እኔን አትዩ፣ የምላችሁን ስሙ» ይሆናል። ይህን የምንለው ለመውቀስ ሳይሆን አርኣያነታችሁን ስለምንፈልግ ነው።

ለሠልጣኝ ጓደኞቻችንም የምንለው አለን። ደብተር መዋዋስ ክፉ አይደለም፤ የተዋሱትን የራስ ማድረግ ነው ክፉው። አንዱ ለሌላው ሲያበድር «አንብበህ መልስልኝ፣ አትገልብጠው» ማለት ንፉግነት አይደለም። ከኤ.አይ. ጽሑፍ የምንቀበል ከሆነም ማሽኑ ማርኩን ሊያመጣልን ይችል ይሆናል፤ ማንኩሳ ላይ እጇን ላወጣችው ልጅ ግን የምንመልሰውን አያኖርልንም።

ከዚህ በመነሣት አንድ ሐሳብ እናቀርባለን። በየሴሚስተሩ መጀመሪያ ሁለት ክፍለ ጊዜ ተመድቦ በራስ አባባል መጻፍና ምንጭ መጥቀስ በልምምድ ይሰጥ። መምህራኑ ያርሙ፤ ነባር ሠልጣኞች አዲሶቹን ይርዱ። ከዚህ ትምህርት በኋላ የገለበጠ ሰው ሥራው ይመለስበትና እንደገና ይጻፍ። ሳያስተምሩ መቅጣት ፍትሕ አይደለም፤ አስተምሮ ዝም ማለትም እንዲሁ ፍትሕ አይሆንም። ይህ የግድግዳ ጋዜጣም በበኩሉ ከራሱ ይጀምር፤ ከየትም የተወሰደ ቁም ነገር ሲለጠፍ ከሥሩ የተገኘበት ይጻፍበት።

በቡሬ ገበያ በርበሬ የሚገዛ ሰው «የየት አገር ነው?» ብሎ ይጠይቃል። በዕቃው የሚተማመን ሻጭ አገሩን ጮክ ብሎ ይናገራል። የሚያመነታው ባዕድ ነገር የቀላቀለበት ነው። የእኛም ጽሑፍ እንደዚያው ነው። «ከየት አመጣኸው?» ሲባል ቀና ብሎ የሚመልስ ሠልጣኝ፣ ነገ «ምን ማለት ነው?» ስትለው ለዚያች ልጅ የሚመልስላት መምህር ይሆናል።

አስተያየት ያለው መምህርም ሆነ ሠልጣኝ በሚቀጥለው እትም ይጻፍልን፤ የምንሳሳትበት ቢኖር ለመታረም ዝግጁ ነን።